ሞተሩ አቀበቱን የወጣበት ግጥም

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የፊዚክስ ደብተሬ በሙሉ ግጥም ነበር። ሰሌዳ ላይ ያለውን እንዳለ መገልበጥ እጄንም እግሬንም ያሳክከኝ ስለነበር፣ ቲቸር የሚሉትን ሁሉ ቤት እያስመታሁ ነበር የምጽፈው። ለእኔ ተመቸኝ። ደብተሬን ለምትዋሰኝ የክፍሌ ልጅ ግን አልተመቻትም።

«ይኼ ምንድን ነው?» ትለኛለች አርብ ገበያ ካለው ትምህርት ቤት ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆማ። «‹የቆመ ከቆመ መክረም ይፈልጋል›። ሕግ ነው ወይስ ስድብ?»

«የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ ነው።»

«ቀመሩስ የታለ?»

«ቀመሩ ቤት አልመታ አለኝ።»

እሷ የታች ሰፈር፣ እኔ የላይ ሰፈር ልጅ ነን። በሒሳብ ማንም አይደርስባትም። ሰኞ ሰኞ ግን ትቀራለች። በእኛ ሰፈር ወፍጮ አልነበረም፤ ያለው ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው። ቅዳሜና እሑድ ባለወፍጮው በዓል ያከብራል፤ የእናቷ ዱቄት ደግሞ እሑድ ላይ ማለቅ ይወዳል። ስለዚህ ሰኞ በጠዋት አህያዋን ጭና ትወርዳለች፣ ወረፋ ስትጠብቅ ውላ ሲመሽ ትመለሳለች። ፊዚክስ ያለው ደግሞ ሰኞ ነው። ቲቸር በመጨረሻ፣ «ከእንግዲህ ሰኞ ከቀረሽ የሰኔን ፈተና አትቀመጪም» አሏት። እናቷ ክፉ ሆነው አልነበረም፤ ሌላ የሚልኩት ልጅ አልነበራቸውም።

በዚያው ግንቦት ሁለቱ ሰፈሮች በመዋጮ የገዙት የወፍጮ ሞተር መጣ። የጫነው ኢሱዙ መንገዱ ካለቀበት ሜዳ ላይ አራግፎት ተመለሰ። የወፍጮ ቤቱ የተሠራው አቀበቱ ጫፍ ላይ ነው። ዝናቡ ከገባ አቀበቱ ጭቃ ይሆናል፤ ሞተሩም ሸራ ለብሶ እስከ መስከረም እዚያው ሜዳ ላይ ይከርማል።

«እኔም አብሬው እከርማለሁ» አለችኝ፣ ሞተሩን በእግሯ ነካ አድርጋ።

የሚጎተተው የሚካኤል ዕለት እንዲሆን ተወሰነ። በበዓል ማረስ ነውር ነው፤ ቄሱ ግን ከቅዳሴ በኋላ፣ «ሞፈር አትንኩ አልን እንጂ ገመድ አትንኩ አላልንም» ብለው ፈቀዱ። ሞተሩ በወፍራም የባላ ግንድ ላይ ታሰረ። ከፊቱ ሁለት ገመድ ተዘረጋ፤ አንዱ የላይ ሰፈር፣ አንዱ የታች ሰፈር። ሴቶቹ ድብልብል የባሕር ዛፍ እንጨት ከግንዱ ሥር እያነጠፉ፣ ከኋላ የቀረውን እያነሡ ወደ ፊት ይሮጣሉ። እሷም እዚያ ውስጥ ነበረች።

እኛ አገር ያለ ግጥም ገመድ አይሳብም። የወትሮው አውራጅ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ፦

«አንተ ልጅ፣ ይገጥማል ይሉሃል። በል አውርድ!»

ግንዱ ላይ ወጥቼ ጀመርኩ፦

ላይ ሰፈር ሲጎትት መሬት ይበረግጋል፤
ታች ሰፈር ሲጎትት ገመድ ይደገፋል።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ላይ ሰፈር ገመዱን ጥሎ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ታች ሰፈር ስድብ አወረደብኝ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሞተሩ ቆመ። እንደገና «ሆ!» ተብሎ፣ የአንገት ሥር ሁሉ ተገትሮ፣ በስንት መከራ ተነሣ። ሌላ ግጥም ጣልኩ። እንደገና ሳቅ፣ እንደገና ቆመ። እኔ በደስታ ሰክሬያለሁ። የአቀበቱ እግር ላይ ስንደርስ ግን ሰዉ ደክሞ ነበር፤ በጉና ተራራ በኩልም ደመናው ጠቁሯል።

«ይኼ ልጅ ያስቃል እንጂ አያስጎትትም» አሉ ሽማግሌው ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ።

እሷ እንጨት በትከሻዋ እንዳደረገች መጣች።

«አንተ! ቆም እያልክ አታውርድ።»

«ሰው ይሳቅ እንጂ!»

«እየሄደ ይሳቅ። አታይም? ለማስነሣት ነው የሚያምጡት፤ ከተነሣ በኋላ እኮ እንደ በግ ይከተላል። የቆመውን የሚይዘው ሰበቃ የሚሄደውን ከሚይዘው ይበልጣል ብለው ቲቸር አላስተማሩም?»

«ያስተማሩት ሰኞ ነው፤ አንቺ አልነበርሽም።»

«ከደብተርህ አነበብኩት፤ ግጥሙን ፈትቼ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከራት ነበር። ደመናው ግን እየቀረበ ነበር። ከግንዱ ወርጄ ከጎታቾቹ ፊት ቆምኩ፤ «ሆ!» ሲባል ሞተሩ ተነሣ፤ እኔም ወደ ኋላ እየተራመድኩ ትንፋሽ ሳልሰጥ ማውረድ ቀጠልኩ። አንዱ ቤት ሳያልቅ ሌላውን አስከትላለሁ። ማንም ገመድ ለመጣል ፋታ አላገኘም። አሞገስኩ፣ ሰደብኩ፣ በሬ አነሣሁ፣ ጠላ አነሣሁ። አቀበቱ እኩሌታ ላይ ግጥም አለቀብኝ። ገመዱ ላላ ማለት ጀመረ።

«ደብተሩን!» ብላ ጮኸች ከኋላ። «ደብተርህን አውርደው!»

የቆመ ከቆመ መክረም ይፈልጋል፤
የሄደ ከሄደ መቆም ያስጠላዋል።

«ሆ!»

«ይኼን ሕግ ማን አጸደቀው?» አለ ከታች ሰፈር አንዱ ገመዱን ሳይለቅ።

«ተፈጥሮ!»

«ተፈጥሮ የየትኛው ቀበሌ ሊቀ መንበር ነው?»

ሳቁ፤ ግን እየሄዱ ሳቁ።

ምድር ቁልቁል ባይ ናት እኛማ ሽቅብ ባይ፤
ማን እንደሚረታ ጫፉ ላይ እንተያይ።

«ሆ! ሆ!»

ሽማግሌው ሳይቀሩ ጋቢያቸውን አገልድመው ገመዱን ያዙ። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ ግንዱ ጫፉን አልፎ ደልዳላው ላይ ተኛ። ቄሱ ሮጠው ከኋላው ድንጋይ ደገፉለት። ዝናቡ ወረደብን፤ ወደ መጠለያ የሄደ ግን አልነበረም። ሁለቱ ሰፈሮች በስብሰው፣ ማን የበለጠ እንደ ጎተተ እየተከራከሩ ጨፈሩ።

ከንፋስ መውጫ የመጣ መካኒክ ሞተሩን ተክሎ አስነሣው። በቀጣዩ ሰኞ እናቷ እህላቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ጫፉ ወጡ። እሷ ከቲቸር ቀድማ ክፍል ገብታ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ዛሬ ሰኞ መሆኑን ታውቂያለሽ?» አሏት ቲቸር።

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«እንግዲያው ነይ። አቀበት ላይ በሚጎተት ነገር ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች አሳዪን።»

ወጣች። ዘንበል ያለ መስመር ሣለች፤ በላዩ ሞተር፤ ከሞተሩ ቀስቶች፦ አንዱ ወደ ላይ የሚስብ፣ አንዱ ወደ ኋላ የሚይዝ፣ አንዱ በቀጥታ ወደ መሬት። አራተኛውን፣ መሬቱ መልሶ የሚገፋበትን፣ እኔ በግጥሜ ረስቼው ነበር። እሷ ሣለችው።

ቲቸር ሌላ ጥያቄ ሰጧት፤ ሠራችው። ሌላ ሰጧት። ጠመኔው አልቆ ጥፍሯ ሰሌዳውን እስኪቧጭር ድረስ አልተቀመጠችም።