መስታወት አዝለን ወጨጫ

ወንድሜን ፍቅር ሲይዘው ፍዳውን ያየሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ የክፍል ጓደኛዬ ስለሆነች ሳልጠየቅ መልእክተኛ ተደረግኩ። እሱ ጌጃ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ይሠራል፤ እሷ ከሱቁ ፊት ለፊት ትኖራለች። አባቷ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ለቅሶ እንኳን ሲደርሱ ሽጉጣቸውን ታጥቀው ነው። ስለዚህ ወንድሜ በመስኮት እያያት እጁን በመርፌ ከመውጋት ሌላ ያደረገው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ «ቁርጤን ትንገረኝ ብሏል» አልኳት። በምዕራብ በኩል ወደሚታየው ወደ ወጨጫ ተራራ በአገጯ ጠቆመች።

«ሁሌ ከሩቅ ነው የሚያየኝ። እንግዲያው እዚያ ላይ ይውጣና እሁድ ስድስት ሰዓት በመስታወት ያብራልኝ። እሺ ካልኩ እኔም አበራለታለሁ። ካላበራሁ ይተወኝ።»

እያሾፈች ይሁን የምሯን አልገባኝም። ወንድሜ ግን ወሬውን ሰምቶ ሳይጨርስ የሸራ ጫማውን መስፋት ጀመረ።

እሁድ ገና ሳይነጋ ሦስት ሆነን ወጣን፤ ወንድሜ፣ እኔና የወንድሜ ጓደኛ፣ የሸቀጣ ሸቀጥ ባለሱቁ ልጅ። ለእናታችን የወጣቶች ማኅበር ችግኝ ልንኮተኩት ነው አልናት። በዚያ ዘመን ዘመቻ ከተባለ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። በአምቦ መንገድ በሚሄደው አውቶቡስ መናገሻ ወረድን። ወንድሜ በጋቢ ጠቅልሎ የያዘውን ነገር ብርድ ልብስ መስሎኝ ነበር። ሲገልጠው የአለቃው የግድግዳ መስታወት ነው፤ ደንበኞች አዲስ ሱሪ ለብሰው የሚገላበጡበት። እሁድ ሱቁ ዝግ ስለሆነ ነቅሎ አምጥቶታል።

«ትንሽ መስታወት ባይታይስ?» አለ፣ በጣም ተጨንቆ።

የጥዱን ጫካ አልፈን ሽቅብ ወጣን፤ መስታወቱን ወንዶቹ በየተራ አዘሉት። ደክሞን ስንቅ ስንፈታ ሌላ ጉድ መጣ። እኔ ጓደኛችን እስላም ስለሆነ የኛን ሥጋ አይበላም ብዬ ሽሮ ፍትፍት ይዣለሁ፤ እሱም የሱን አንበላም ብሎ ሽሮ ፍትፍት ይዟል። አንዱን ሽሮ ከሌላው ጋር እያወዳደርን በላን።

ከዚያ አንዲት አሮጊት እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ አገኘናቸው። ተራው የጓደኛችን ነበርና እንዳይሰበር እየፈራ፣ ዝግ ብሎ፣ አቀርቅሮ ይራመዳል። አሮጊቷ በጋቢ የተሸፈነውን ሲያዩ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሥዕል መሰላቸው። እንጨታቸውን አውርደው አማተቡና የጋቢውን ጫፍ ተሳለሙ። የባለሱቁ ልጅ ምን ያድርግ? የልብስ ሰፊ መስታወት ነው ብሎ እሳቸውን ማሳፈር አልሆነለትም። ተሳልመው እስኪጨርሱ ደርቆ ቆመ። ከዚያ ሲመርቁት «አሜን» አለ። እሳቸው ከዓይን ሲጠፉ ዞር ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ እንድታከብሩኝ» አለን። እኔ በሳቅ መሄድ አቅቶኝ ቁጭ አልኩ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ጫፉ ላይ ደረስን። አዲስ አበባ ሁለመናዋ ከእግራችን ሥር ተዘርግታለች። ነፋሱ ቀሚሴን ይጎትተዋል፤ ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ ያለ ምክንያት እጮሃለሁ። ወንድሜ መስታወቱን ገልጦ ፀሐይዋን ያዘና ወደ ሰፈራችን አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ። ከዚያ መልሱን ለማየት ቀና አለ።

ቆርቆሮውን ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ከጌጃ ሰፈር እስከ ከተማው ጫፍ ያለው ጣሪያ ሁሉ በፀሐይ ብልጭ ድርግም ይላል።

«እንኳን ደስ አለህ» አለ ጓደኛው። «ከተማው በሙሉ እሺ ብሎሃል።»

ሳቅኩ፤ ሣሩ ላይ ተንከባለልኩ። ወንድሜ ግን አልሳቀም። መስታወቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «የትኛዋ ናት?» አለ። «ብታበራም ባታበራም አላውቅም ማለት ነው።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሳየው ሳቁ ጠፋብኝ። መስታወቱን በጋቢው ጠቅልሎ አዘለና ቁልቁለቱን ቀድሞን ወረደ።

ሰፈር ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ የቀበሌ ስብሰባ ደግሞ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ የለውም። በሩን አንኳኳሁ። ልጅቷ ወጣች። አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል፣ ዓይኗ ደም መስሏል። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሟል።

«አየሽ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ከተራራው ላይ የበራውን ነዋ።»

«ምንም አላየሁም።»

ወንድሜ ትከሻው ወረደ። ጋቢውን አስተካክሎ ሊሄድ ሲል በንዴት ጠራችው።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ? ጣሪያ ላይ የተሰጣ በርበሬ እጠብቃለሁ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ መሰላል ላይ ቆሜ ሳበራልህ ዋልኩ። በርበሬው ዓይኔን አጠፋው። አንተም አላየህም?»

ወንድሜ ዞረ። «የኔን ካላየሽ ለምን አበራሽ?»

«እንደምትወጣ አውቃለሁ» አለችና በሩን ዘጋችው።

ያን ሁሉ ገደል በመስታወት ሸክም ሳይደናቀፍ የወጣውና የወረደው ወንድሜ፣ ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደልዳላው መንገድ ላይ ወደቀ። ጋቢው ውስጥ መስታወቱ ሲንኮታኮት ሦስታችንም ሰማን። እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየው።

«ነገ አለቃዬ ይገድለኛል» አለ፣ እየሳቀ።