ባዶ ተሳቢ

ጅቡቲ ውስጥ በትራንዚት ሥራ ባረጀሁባቸው ዓመታት ብዙ ስም ወጥቶልኛል። ከሁሉም ሥር የሰደደው «ባዶ ተሳቢ» የሚለው ነው። ያወጡልኝ የአገሬ ልጆች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ኢሜይል ወደ ቢሯችን በገባ ሰሞን አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት «ሰነዶቹን ከዚህ ጋር አያይዘን ልከናል» ብዬ አሳምሬ እጽፍና ምንም ሳላያይዝ እልከው ነበር። «የታለ?» ብለው ይመልሳሉ። አፍሬ ረዘም ያለ ይቅርታ እጽፋለሁ፤ ይቅርታውም ያለ ሰነዱ ይሄዳል። ይህን የሰማ ሾፌር ሁሉ ቢሮ ሲገባ ሰላምታውን ትቶ «ጋሼ፣ ዛሬስ ተሳቢው ጭኗል?» ይለኛል።

ኋላ ላይ ልማድ አወጣሁ። ሾፌር ሞተር ከማስነሳቱ በፊት መኪናውን ዞሮ፣ ጎማውን በእግሩ መትቶ፣ ገመዱን ስቦ እንደሚያየው፣ እኔም ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት የተያያዘውን ፋይል አንድ በአንድ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። ስሙን ማየት አይበቃኝም፤ ሆዱን ካላየሁ አላምንም። ኮምፒውተሩ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ነበር፤ አንድ ነገር ከጠየቁት መልሱ እስኪመጣ ሻይ ያስጠጣል።

አንድ ሐሙስ ታዲያ ይህ ልማዴ ሊያስደበድበኝ ደርሶ ነበር።

በዚያ ዘመን ጅቡቲ የምታርፈው ዓርብ፣ አዲስ አበባ የምታርፈው እሑድ ነው። የኛ በር ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ከተዘጋ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ቢጮኹም ሰሚ የለም። የዚያን ቀን አንድ ሾፌር ጭነቱን ጭኖ፣ መኪናውን ከከተማው መውጫ ባልባላ ላይ አቁሞ፣ ከክሊማው ሥር ተቀምጦ ክንፉን እንደ ታሰረ ዶሮ ይወራጫል። ክሊማ የምንለው አየር ማቀዝቀዣውን ነው፤ የኛው ከማቀዝቀዝ ይልቅ ማጉረምረም ይቀናው ነበር። የሰውየው ልጅ እሑድ አዳማ ላይ ልትዳር ነው። እኔ ሦስት ሰነድ ልኬ፣ አዲስ አበባ አይቶ የመውጫ ፈቃዱን ከመለሰልን፣ በዚያው ከሰዓት ተነሥቶ ቅዳሜ ይደርሳል። ካልሆነ ልጁን የሚድርለት አጎቷ ነው።

ጠዋት ሲመጣ የሰርጉን መጥሪያ ካርድ ይዞልኝ ነበር። «ጋሼ፣ በዚህ በሚያበራው ማሽን አንስተው ጅዳ ላለው ወንድሜ ይላኩልኝ» አለኝ። አነሣሁለት፤ መላኩን ለኋላ አቆየሁት። ከዚያ ሰነዶቹን አነሣሁ። ማሽናችን ለሁሉም ፋይል ስም ብሎ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የሰርግ ካርድ ይሁን የመርከብ ወረቀት ግድ የለውም።

ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ ሦስት ፋይል አያያዝኩ፤ የመጀመሪያውን ለመክፈት ነካሁ።

«ጋሼ፣ ሦስቱም ገብተዋል እኮ» አለ ሾፌሩ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ።

«ስማቸው ነው የገባው።»

«ስም ካለ ምን ቀረ?»

«አንተ ጎማህን በስሙ ነው የምታየው?»

«ጎማዬን ስመታ የሰው ሰርግ አላሳልፍም።»

የቢሮው ቁልፍ ያዥ በር ላይ ቆሟል። የጅቡቲ ተወላጅ ነው፤ አማርኛን ድሬዳዋ ሲመላለስ ለቅሞ፣ አንቱታውን ግን እዚያው ትቶት መጥቷል። «አዴር» አለኝ፤ በሶማልኛ አጎቴ ማለቱ ነው፤ «ጫቱ ገባ።»

«ገብቶ የት ይሄዳል?»

«ሌላ ሰው አፍ።»

የመጀመሪያው ፋይል ተከፈተ፤ የዋጋ ደረሰኙ ነው። ሁለተኛው፣ የዕቃው ዝርዝር። ሾፌሩ መቁጠሪያ መቁጠር ብቻ ነው የቀረው። ሦስተኛው የመርከቡ የጭነት ሰነድ መሆን ነበረበት። ምስሉ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይወርዳል። መጀመሪያ አበባ መጣ።

«መርከቦቹ አበባ ጀመሩ እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

ቀጥሎ ሁለት ቀለበት ወረደ፤ ከዚያ ርግቦች። በመጨረሻ ከ«የሙሽራዋ አባት» ሥር የራሱ ስም ብቅ አለ። እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሣና ሄዶ ተቀመጠ።

«ዋና መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ልትጠራልኝ ነበር» አልኩት።

«ሥራ አስኪያጁ ድንኳን ውስጥ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ፣ እኔ እዚህ» አለ፤ አልጨረሰውም።

እኔም ቀልዴን ዋጥኩ። ሳልከፍተው ልኬው ቢሆን ኖሮ፣ እነሱ ተሳስቶ መምጣቱን ሲነግሩን እኔ ሽርጤን ታጥቄ ቤቴ ጋደም ብዬ ነው የምገኘው። ካርዱን ነቀልኩ፤ ትክክለኛውን አያያዝኩ፤ እንደገና ከፈትኩት። የመርከቡ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ወጣ። የዚያን ያህል ያማረ ማኅተም ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ላክሁት።

ቁልፍ ያዡ እያጉረመረመ ተቀመጠና ጫት ሻጯን በስልክ ይለማመጥ ጀመር። ሦስታችንም ኮምፒውተሩን እንደ ምጥ ቤት በር ተመለከትነው። ፈቃዱ መጣ። ማተሚያው እየተንገጫገጨ ሲተፋው ከደረቴ ላይ ኮንቴይነር የወረደልኝ መሰለኝ። ሾፌሩ ገና ትኩስ የሆነውን ወረቀት በአንድ እጁ ይዞ ግንባሬን ሳመኝና ወጣ። እኔም በደስታ ብዛት ለጅዳው ወንድሙ የሚሄደውን ደብዳቤ እዚያው ቆሜ፣ ከነምርቃቱ ጽፌ ላክሁለት። ቁልፍ ያዡ በሩን በላዬ ላይ ሊዘጋው ምንም አልቀረውም።

ወደ ቤቴ ስሄድ ከሚኒባሱ መስኮት አየሁት። እንደዚያ ሲያጣድፈኝ የነበረው ሾፌር ተሳቢውን እየዞረ ጎማ ይመታል፤ ገመድ ይስባል፤ እንደገና ይዞራል።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ አዳማ ነኝ። ድንኳኑ ተተክሏል።»

«ተመስገን።»

«ተመስገን። ወንድሜ ግን ደብዳቤዎ ደረሰው፤ ካርዱን አጣሁት ይላል።»

የተላከውን ከፍቼ አየሁት። ምርቃቱ አምሯል፤ ውለዱ ክበዱ ሳይቀር አለ። ከሥሩ ምንም የለም። ቁልፍ ያዡ ፊቴን አይቶ ምን እንደሆነ ገባውና ጠረጴዛውን ይዞ ይስቅ ጀመር።

«ወንድምህን እንዲህ በለው» አልኩት፤ «መኪናው ቀድሞ ገብቷል፤ ተሳቢው መንገድ ላይ ነው።»