ስም ያልጻፍኩበት ጀሪካን

ያኔ የቤተ ሙከራችን ነገረኛ እኔ ነበርኩ። ማይክሮዌቩ ላይ «ምግብ ማሞቅ ክልክል ነው» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት እኔ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ቀን የጾም ሽሮዋን ልታሞቅ ብትከፍተው ከእጇ ቀምቼ በሩን ድርግም ያደረግኩባትም እኔ። «ይሄ የበሽታ ዕቃ ነው፤ ወጥሽን ይዘሽ ውጪልኝ!» አልኳት። ሌላም ሕግ ነበረኝ፦ ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ጠረጴዛዬ አጠገብ አይደርስም። ካገኘሁ እደፋዋለሁ። ደፍቼም አውቃለሁ፤ የዶክተሩን ሻይ ሳይቀር።

ሥራው ነው እንዲህ የሚያደርገኝ እል ነበር። ከሰው ገላ የተቆረጠ ሥጋ በሰም ይያዝና ከሽንኩርት ልጣጭ እስኪሳሳ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይለጠፋል። አንዳንዱ ባክቴሪያ ታዲያ በተራ ቀለም አይታይም። እሱን የሚያጋልጠው ሲልቨር ናይትሬት የሚባለው ነው፤ ጌጥ ከሚሠራበት ብር የሚወጣ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ነገር። ባክቴሪያው ላይ ተጣብቆ ያጠቁረዋል፤ የቀረው ሥጋ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ድሮ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ ተዘፍዝፎ ይጠበቅ የነበረውን በማይክሮዌቭ በደቂቃዎች የምጨርሰው ከቤቱ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የምኮራውም በዚሁ ነው። ውሃው ግን የተጣራ መሆን አለበት። ጨው ያለበት ውሃ ከነካው ይደፈርስና መስታወቱ በሙሉ ጥላሸት ይሆናል። ይህን ለተለማማጆቹ እጄን እያወናጨፍኩ ስንቴ አስተምሬያለሁ መሰላችሁ።

ጾመ ፍልሰታ ነበር። ጠዋት ለእናቴ በዘይት ጀሪካን ጠበል ቀዳሁና ቤት ሳልመለስ በቀጥታ ሥራ ገባሁ። የተጣራ ውሃችንን የምናስቀምጠውም ጠረጴዛው ሥር፣ ስሙን በጻፍንበት በዚያው ዓይነት ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። ጠበሉን አጠገቡ ሸጎጥኩት። ስም አልጻፍኩበትም። «ጠበል» ብዬ ከጻፍኩማ ዶክተሩ ያያል! አፉን አውቀዋለሁ፤ «እህ፣ እንግዲህ ኪኒኑን ትተን በዚህ እናክማ?» ሊለኝ። የሳይንስ ሰው ነሽ እንድባል እፈልግ ነበር። በጠበሉ አፈርኩበት፤ እውነቱ ይሄው ነው።

የዚያን ቀን የሚጠብቀኝ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ የአንዲት እናት ሥጋ ነበር። አንገታቸው ሥር እጢ አብጦባቸዋል። ባላቸው የደብር ቄስ ናቸው። ዶክተሩ ካንሰርም ቲቢም አለመሆኑን አይቷል፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ የቀረው የኔ የብር ቀለም ብቻ ነው። ሥጋው ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ለሌላው ምርመራ ተቆርጦ ተቆርጦ አልቆ ሦስት መስታወት ቀርቶታል።

«እነዚህ ከተበላሹ አንገታቸውን ዳግመኛ መቅደድ ነው» አለኝ ዶክተሩ።

«ለኔ ተወው» አልኩት። አንዱን እንኳ ለመጠባበቂያ አላስቀረሁም፤ ሦስቱንም ባንዴ ለመንከር አዘጋጀሁ።

የብር ቀለሙን በውሃ ስበጠብጠው ደፈረሰብኝ። ትንሽ ነው፤ እንደ ሩዝ እጣቢ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት! ግን እኔ ልሳሳት? ሲሞቅ ይጠራል ብዬ መስታወቶቹን ነክሬ ማይክሮዌቩ ውስጥ ከተትኳቸው። በሩን ስከፍት ሦስቱም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል። ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር አየሁ። የተጣራው ውሃ ክዳኑም አልተነካ። የጎደለው የኔው ጠበል ነው፤ የምንጭ ውሃ ደግሞ ጨው አያጣም።

ጀሪካኑን በእግሬ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ዶክተሩ ከች አለ።

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሥጋው በጣም ትንሽ ነበር፤ ቀለሙን አልያዘም» አልኩት። አመነኝ። እኔን ማን ይጠረጥራል! ወረቀቱ ላይ «ናሙናው በቂ አይደለም፤ ይደገም» ብሎ ጻፈ። ጀሪካኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ። እናቴ «ምነው ጎደለ?» ብትለኝ «መንገድ ላይ ፈሰሰ» አልኳት። በአንድ ቀን ሁለት ውሸት፣ ያውም በእመቤታችን ጾም።

በሳምንቱ ሴትዮዋ በዚያ ጭቃ፣ በመኪና ተጭነው ተመልሰው መጡ። አንገታቸው እንደገና ተቀደደ። ሁለተኛው ቁራጭ እጄ ገባ። የተጣራው ውሃ ጀሪካን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሦስቴ አነበብኩት። በየመሃሉ ጎንበስ እያልኩ ጠረጴዛው ሥር አያለሁ፤ ያየኝ ሰው አበደች ሳይል አልቀረም። በዚህኛው ተሳካ። በቢጫው ሥጋ መሃል ጥቁር ጥቁሩ እንደ ጥቁር አዝሙድ ተበትኖ ታየ።

ዶክተሩ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብሎ «ድመት አላቸው እንዴ?» አለ። አላቸው፤ የጎተራቸውን አይጥ የምትጠብቅ። እሷ ስትቧጭራቸው የገባ ነው፤ በኪኒን የሚድን። «እጅሽ ይባረክ!» አለኝ። እኔ ምርቃት ማሳለፍ የማልወድ ሴትዮ «አሜን» ማለት አቃተኝ።

ውጤቱን ሊወስዱ ቄሱ ብቻቸውን ገቡ። በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዘዋል።

«የደብራችን ጠበል ነው ልጄ። ለደከመው እጅሽ ብዬ ነው» አሉና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተቀበልኳቸው፤ ከዚያ ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«አባ፣ የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሥጋው አላነሰም። ቀለሙን በጠበል በጥብጬው ነው። ከዚያም ዋሸሁ።»

ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሳቸው ግን ጠርሙሱንም እኔንም አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መናገርሽ ሸጋ ነው። ለኔ የነገርሽው ቄስ ስለሆንኩ ነው፤ ከኔ አይወጣም። አንገቱ ግን የሷ ነው ልጄ። ውጪ ተቀምጣለች።»

ወጣሁ። ሚስታቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው። እኔን ሲያዩ ልነሳ ሲሉ ነጠላው ተንሸራተተ። አንደኛው ጠባሳ መድረቅ ጀምሯል፤ ከሥሩ ያለው ገና ቀይ ነው፣ ክሩም አልወጣለት። ያ ቀዩ የኔ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ያ የመጀመሪያው ጊዜ…» ብዬ ጀመርኩ።

እጄን ያዙት። መዳፋቸው ሻካራ ነው፣ ይሞቃል።

«ተይው ልጄ፣ ነግረውኛል። ሥጋዬ አንሶ ነው አሉ። በኔ የተነሣ እንዲህ ተንገላታሽ፤ አንዱን ሥራ ሁለቴ አሠራሁሽ። ሳስበው አፍራለሁ። ይቅር በይኝ።»

ቄሱ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ዞሬ ማየት አልቻልኩም። ጠርሙሱ ብብቴ ሥር ነው። ሴትዮዋ እጄን እንደያዙ መልሴን ይጠብቃሉ።

«ይቅር ለእግዜር» አልኳቸው፤ እኔ።