ታቦት አይቀደምም

አባቴ ቄስ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በየዓመቱ ለጥምቀት የደብራችንን ታቦት በራሱ ተሸክሞ ወደ ወንዝ የሚያወርደውም፣ በማግስቱ ወደ መንበሩ የሚመልሰውም እሱ ነበር። መንደራችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለች፣ በርበሬና በቆሎ የሚበቅልባት ናት። እዚያ ሰው አባቴን በስሙ አይጠራውም፤ «ታቦት ተሸካሚው» ይለዋል።

ታቦት የተሸከመ ካህን መንገድ ላይ አያወራም፣ አይቀመጥም፣ ዞር ብሎ አይሸናም። ሰልፉ ደግሞ አይቸኩልም። ጎረምሳው ይጨፍራል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ ታቦቱ ጥቂት ይራመድና ይቆማል። ውኃ የሚቀዳ ሰው ቶሎ የሚመላለስበት መንገድ ለታቦት ግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ አባቴ አርጅቶ ሽንቱ ሲያስቸግረው ጉዳዩ የሽንት ብቻ አልነበረም።

ችግሩ በአደባባይ የታወቀው አንድ ቀብር ላይ ነው። ፍትሐቱ ሳያልቅ ሁለቴ አቋርጦ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀርባም ብዙ ቆየ፤ ሰው ሁሉ ራሱን አዘንብሎ ይጠብቀው ነበር። በተከታዩ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ አባቴ ራሱ ዳዊት ያስደገመው አንድ ወጣት ቄስ ጠላውን አስቀመጠና፣

«አባታችን፣ ዘንድሮ ታቦቱን በየቁጥቋጦው ሊያሳርፉት ነው?» አለ።

ሳቁ። አባቴም ሳቀ። «ቁጥቋጦውም በረከት አይከፋውም» ብሎ መለሰ። ሲለያዩ ወጣቱ ቄስ እንደ ወትሮው ቀድሞ ጎንበስ ብሎ የአባቴን መስቀል ተሳለመ፤ ከዚያ አባቴ የእሱን ተሳለመ። ቄስና ቄስ ሲገናኙም ሲለያዩም እንዲህ ነው፤ አንዱ የሌላውን መስቀል ሳይስም አይሄድም። አባቴ ቤት ገብቶ ግን እህል አልቀመሰም።

እናቴ አላዘነችለትም። ምላሷ ድሮም የሚያዝን ዓይነት አይደለም።

«ሽንትዎ ሲጠሩት አይመጣ፣ ሳይጠሩት ይመጣል» አለችው። «ልክ እንደ ልጆችዎ።»

እኔ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ ነበር። ለገና ስመጣ አባቴ ጉንፋን ይዞት አገኘሁት፤ ፊቱ ግን ፈክቷል። በርበሬ ሊሸጥ ቡሬ ወርዶ ከመድኃኒት መደብር ትንንሽ ቢጫ ክኒኖች ገዝቶ መጥቶ ኖሯል። ለምን እንደፈካ ለእኔ አልነገረኝም፤ በእኛ ቤት አባት ለሴት ልጁ ስለ ሽንቱ አያወራም። የነገረችኝ እናቴ ናት። ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ አፍንጫው መፍሰሱን አቁሟል፤ ሌሊትም እንደ በፊቱ እየደጋገመ አይነሣም።

«ሁለት ጎርፍ በአንድ ክትር ገደብኩት ይላል» አለችኝ። «ጉንፋኑ ለቆታል፤ ክኒኑን ግን አልለቀቀም።»

ማታ እግሩን ሳጥበው ድፍረት ፈለግሁ። «አባባ፣ አንድ ጊዜ ሐኪም ቢያይዎት አይሻልም?»

«ለምኑ?»

ውኃውን አየሁ።

«ለሽንትዎ ነው የምትልዎ» አለች እናቴ ከጓዳ። «ይህን ሁሉ ዓመት አስተምረናት አፏ አልተፈታ።»

«እሱማ መድኃኒቱን አግኝቼለታለሁ።»

«ክኒኑ እኮ ለጉንፋን ነው» አልሁ ቀስ ብዬ።

«አፍንጫዬንም ፊኛዬንም የሠራ አንድ ጌታ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለአንዱ ቢሆን ምን ይገርማል?» አለና ሌላኛውን እግሩን ዘረጋልኝ።

የከተራ ዋዜማ ደረሰ። ታቦት የሚሸከም ካህን ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም ነገር በአፉ አያዞርም፤ ውኃም ቢሆን፣ ክኒንም ቢሆን። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ ጀምበር ሳትጠልቅ የዕለቱንም የነገውንም ክኒን ሰብስቦ በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጠው። «ነገ አፌ ዝግ ነው» አለ። እናቴ አፍጥጣ አየችው፤ «ቆሎ አስመሰሉት» አለችው።

በማግስቱ ታቦቱን አወረደ። ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ሳየው ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ አንዳንዴም እንቅልፍ እንደ ያዘው ሰው ወዝወዝ ይላል። ወጣቱ ቄስ፣ ምናልባት ቢደክመው እንዲቀበለው ተመድቦ፣ ከጎኑ ይሄድ ነበር፤ ዓይኑን ከአባቴ እግር ላይ አልነቀለም። አባቴ ግን አንድ ጊዜም ሳያቋርጥ ወንዙ ዳር ደረሰ። ታቦቱን ድንኳን አስገብቶ ሲወጣ ወደ እናቴ መጣና «እህ?» አላት። እሷም ለአንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው።

የጥምቀት ዕለት ጠዋት ለጠበሉ ስንወርድ ከአባቴ ጋር ወንዙ ዳር ያደረው አጎቴ መንገድ ላይ ጠብቆ ወሰደን። አባቴ ከድንኳኑ ጀርባ ዛፍ ተደግፎ፣ ወገቡን አጥፎ ቆሟል። ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ከትናንት ጀምሮ አልወጣልኝም» አለ። የተናገረው ለእኔ ነው። ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ ያወቅሁት በዚህ ነው። ከእምብርቱ በታች ያለው ሆዱ በነጠላው ላይ ሳይቀር ተነፍቶ ይታይ ነበር።

አጎቴ ሰዎች ጠርቶ ቃሬዛ አሠራ። እስኪሠሩ ድረስ ግን ጠበሉ ተረጭቶ፣ ወጣቱ ቄስ ታቦቱን ተሸክሞ ሰልፉ ተነሣ። ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መንገድ ደግሞ ያው ታቦቱ የሚሄድበት መንገድ ነው። ታቦት አይቀደምም። ቃሬዛው ከሰልፉ ኋላ ሆኖ፣ እነሱ ሲቆሙ እየቆመ፣ እነሱ ሲራመዱ እየተራመደ ሄደ። በተራመዱ ቁጥር አባቴ ጥርሱን ያፋጫል፤ በቆሙ ቁጥር ያቃስታል።

«በበርበሬው ማሳ እንቁረጥ» አለች እናቴ።

«አይሆንም» አለ አባቴ ከቃሬዛው ላይ። «ሬሳዬም ቢሆን አይቀድመውም።»

«ሬሳ ለመሆን ችኮላ የለብዎትም።»

ትንሽ እንደሄድን ታቦቱ ጭራሽ ቆመ። ጭፈራው ደመቀ፣ እልልታው ቀለጠ፤ ታቦቱ አልሄድም አለ። እንዲህ ሲሆን ሰው ምክንያት ይፈልጋል። አንዲት ባልቴት «የለመደውን ሰው አጥቶ ነው» አለች። ከፊት ያለ አንድ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ ቃሬዛውን እያየ፣ «የረከሰ ሰው ተከትሎት ነው» አለ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ፊቶችም አንድ በአንድ ወደ እኛ ዞሩ። አባቴ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

«ታቦቱ አይደለም የቆመ» አለች እናቴ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «የተሸካሚው እግር ነው።»

አባቴ ከነጠላው ሥር «ዝም በይ» አላት።

ታቦቱ ቆይቶ ተነሣ፤ አስፋልቱ ላይ መኪና አግኝተን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የደረስነው ጥላ ከረዘመ በኋላ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር። ቱቦ ከተተለትና ከጫፉ የተንጠለጠለው ከረጢት ሲሞላ፣ ሌላ አምጡ ሲል፣ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ «ተመስገን» ይል ነበር። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬያለሁ። ሐኪሙ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሲጠይቅ እናቴ የክኒኑን ማሸጊያ ከመቀነቷ ፈታ ሰጠችው።

«ይህን ለሽንት ማን አዘዘልዎት፣ አባት?»

«ጉንፋኑ» አለ አባቴ። አጠገቡ የተኙት በሽተኞች ሳቁ።

ሐኪሙ አልሳቀም። ወንድ ሲያረጅ በፊኛው አንገት ያለው ዕጢ እያበጠ መንገዱን ያጠባል አለን፤ ፊኛው ሽንቱን በዚያ ጠባብ ለማሳለፍ አጥብቆ መጭመቅ አለበት። እንዲህ ያለው የጉንፋን ክኒን ደግሞ ያን ጉልበቱን ያሳጣዋል። «የደረቀ መሰለዎት እንጂ እየተጠራቀመ ነበር። ከመጠን በላይ ስለተለጠጠ ቱቦው ይቆያል። ምናልባትም ባሕር ዳር ሄደው ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎት ይሆናል።»

«ለከርሞ ጥምቀት ይደርስልኛል?» አለ አባቴ።

«ቃል አልገባልዎትም» አለ ሐኪሙ።

ቤት ከተመለስን በኋላ ወጣቱ ቄስ ሊጠይቀው መጣ። አባቴ መደቡ ላይ ተጋድሟል፤ ከረጢቱ ከመደቡ ጥግ ተንጠልጥሏል። ቄሱ ጠላ ተቀዳለትና እየጠጣ ከረጢቱን ደጋግሞ አየው።

«እንግዲህ ተገላገሉ፣ አባታችን። ከእንግዲህ ቁጥቋጦም አያሻዎ።»

«ለከርሞ ይነቀልልኛል» አለ አባቴ።

«ያድርግልዎ። እኛም ካህናቱ ተነጋግረንበታል። ሽንት የሚንጠባጠብበት ሰው መቅደስ እንደማይገባ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

በእርግጥም ያስተማራቸው አባቴ ነው።

ቄሱ ሊሄድ ተነሣና መስቀሉን ከኪሱ አወጣ። አባቴም የራሱን ሊያወጣ እጁን ከትራሱ ሥር ሰደደ። ቱቦው ስለያዘው ቶሎ አልደረሰለትም። ቄሱ አልጠበቀውም። ለማንኛውም ገበሬ እንደሚያደርገው መስቀሉን ግንባሩ ላይ፣ ከዚያ ከንፈሩ ላይ አሳርፎ «እግዚአብሔር ይማርዎ» አለና መስቀሉን ወደ ኪሱ መልሶ ወጣ። የአባቴ መስቀል ያን ጊዜ ገና ከትራሱ ሥር እየወጣ ነበር።

እናቴ አንድ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ከረጢቱን ዳሰሰችና «ሞልቷል» አለችኝ። ልደፋው ይዤ ወጣሁ።