ከአፅሙ ጋር የወጣው ወርቅ

ትናንት ከሰዓት... ቤት ቁጭ ብዬ ለሰኞ የሥራ ቃለ መጠይቅ ስዘጋጅ፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ዳንኤል በራችንን አንኳኳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኢንጂነሯ፣ አንቺ የተማርሽው ስለ ብረት ነው አይደል?»

«ስለ ብረት ሽፋን» አልኩት። ከተመረቅኩ ጀምሮ ስለ ትምህርቴ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው መሰለኝ፣ ጫማዬን በቅጡ ሳላደርግ ተከትዬው ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳንኤል አባት ጋሽ ታደሰ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። የተቀበሩበት ቦታ ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ፣ ቤተሰብ እየመጣ አፅም እንዲያነሳ ተነገረ። እነዳንኤል ሲደርሱ ግን ሐውልቶቹ ቀድመው ተነቅለዋል። «እዚህ ጋ ነው»፣ «አይ፣ ከዛፉ ወዲህ ነው» ሲባባሉ ቆይተው በግምት አስቆፈሩ። የወጣው አፅም በሳጥን ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጧል፤ በማግስቱ አዲሱ ቦታ ሊቀበር ነው።

ዳንኤል ሳሎን አስገባኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማዬ መኝታ ቤት ጋደም ብላለች፣ እንዳትሰማ።» ከዚያ ከፌስታል ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈታው።

ወርቅ...

ጎበጥ ያለ፣ መዳፍ የሚሞላ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ወርቅ። አጠገቡ የወየበ ፕላስቲክ አለ።

«ቆፋሪዎቹ ከአፅሙ ጋር ነው ያገኘነው ብለው ሰጡኝ» አለ። «ወርቅ ቤት ወሰድኩት። ሰውዬው መፈተኛ ድንጋዩ ላይ ሲያሸው ወርቁ ምንም ምልክት አልተወም... ድንጋዩ ተጫረ። ከየት እንዳመጣሁት ስነግረው ደግሞ እጁን ጠርጎ 'ወንድሜ፣ ይሄን ነገር ይዘህልኝ ውጣ' አለኝ።»

«ጋሽ ታደሰ ጉልበታቸውን ታክመው አልነበር እንዴ?»

«ህንድ ሄዶ ነው የታከመው። የገጠሙለት ግን ብረት ነው፣ ወርቅ አይደለም። የሌላ ሰው መቃብር ከፍተን ከሆነስ? ነገ እማዬን በማን አፅም ላይ ነው የማስለቅሳት?»

የስልኬን መብራት አበራሁበት። ቀለሙን አወቅኩት... የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት እኮ በዚሁ ላይ ነው። ናይትራይድ ይባላል፣ ወርቅ የሚመስል ግን ከወርቅ በጣም የሚጠነክር ሽፋን። አንድ ወጥ አድርገው ከቀቡት ሲሰነጠቅ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከፀጉር በቀጠነ ንብርብር ይደራርቡታል፤ ስንጥቁ አንዱን ቢያልፍ ሌላው ላይ ይቆማል። ሰበቃው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ አይበላም።

«ውስጡ ብረት ነው» አልኩት። «ሐኪሞቹ አልዋሹም። ይሄ ሰው ሠራሽ ጉልበት ነው።»



«እሺ ጉልበት ነው። የማን ጉልበት?»



አገላብጬ አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ አፈር ውስጥ ከርሞ አንድ ጭረት የለበትም። የራሴ ፊት ውስጡ ሆኖ አየኝ... ዓይኔን መለስኩ። ከሥሩ ትራስ የሚሆነው ፕላስቲክ ግን በአንድ ጎኑ ተበልቷል። እጄ ደግሞ አያርፍም፣ ሁለቱን ገጣጠምኩና እንደ ጉልበት አጠፍኳቸው። ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። መልሼ ቀና ሳደርገው...

ቀጭ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ፣ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር፣ ጋሽ ታደሰ በእኛ በር አልፈው ደረጃውን ሲወጡ ከየእርምጃቸው ጋር የሚመጣው ድምፅ ነው። እኛ የፎቁ ልጆች በስውር «ጋሽ ቀጭ» ነበር የምንላቸው።

ዳንኤልን ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አውቆታል። ላረጋግጥ ብዬ ይሁን ምን እንጃ፣ ደገምኩት።

ቀጭ... ቀጭ...

ከመኝታ ቤት የእናቱ የእትዬ ብርቄ ድምፅ መጣ። እንቅልፍ ተጭኖታል፣ ግን ምንም አልደነገጠም።

«ታዴ... መጣህ? በሩ ክፍት ነው፣ ግባ።»

ዳንኤል ቀስ ብሎ ተነሳና የውጭውን በር ከፈተው። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ግን ወዲያው አልዘጋውም... ሰው እንደሚያሳልፍ ሁሉ ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ትንሽ ቆመ።

ዛሬ ጠዋት ዳንኤል ያንን ነገር በጨርቁ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። እትዬ ብርቄ ሳጥኑን አቅፈው አለቀሱ። ዳንኤልም አብሯቸው አለቀሰ፣ ሳይጠራጠር። ትናንት ስለ ሰሙት ድምፅ እሳቸው አላነሱም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ነገ ቦሌ ቃለ መጠይቁ ላይ «ይሄ ሽፋን ዕድሜው ምን ያህል ነው?» ካሉኝ መልሴን ይዣለሁ... ከባለቤቱ ይበልጣል።