የእማማ አትጣሉ ገለባ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው በቅጽል ስማቸው ነው፤ እማማ አትጣሉ። ስሙን ወረቀት ላይ አይቶ አጥብቆ የሚያነበው እንግዳ ሰው፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ይመስሉታል። ላልቶ ነው የሚነበበው። የተበጠሰ ገመድ አትጣሉ፣ የተሰበረ ባልዲ አትጣሉ፣ አመድ እንኳ አትጣሉ ሲሉ ነው የኖሩት። ስለ ማስታረቁማ አይነሳ፤ ከባለቤታቸው ጋር ሲነታረኩ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏል።

ከሁሉ በላይ የማይጣለው ደግሞ የሩዝ ገለባ ነበር። ሩዙ ታጭዶ ሲወቃ ፍሬው ወደ ጆንያ ይገባል፣ ገለባው እዚያው ማሳ ላይ ተመልሶ ይታረሳል። መሬት የሰጠችሽን መልሰሽ ስጫት እያሉ ነው እናታቸው ያሳደጓቸው። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። መጥፎው ከማሳው በላይ የነበረው የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ነው። ከተዘጋ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ ቆሻሻው በመስኖው ቦይ ወርዶ አፈሩ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።

ይህን የነገረቻቸው ከአራት ዓመት በፊት የመጣችው የአፈር ባለሙያ ናት። ካድሚየም የሚባል ብረት አለ አለቻቸው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሩዙ ግን ከአፈሩ ይስበዋል። ሰው ሲበላው ኩላሊት ላይ ይጠራቀማል። ከፍሬው ይልቅ ገለባው ውስጥ ስለሚበዛ፣ ገለባውን መልሶ ማረስ መርዙን መልሶ መዝራት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከሥር ታጭዶ ከማሳው ይውጣ፤ የሚወስደው መኪና ይላካል፤ መሬቱ እስኪጠራ ድረስ ሩዙ አይበላም፣ ለሙጫ ፋብሪካ ይሸጣል።

እማማ ገለባውን አወጡ። አንዲት ዘለላ አላስቀሩም። መኪናውን ግን ከበር መለሱት። ከማሳው ይውጣ ነው የተባለው፣ ወጥቷል፤ ደግሞ ለማላውቀው ሾፌር የማስረክበው ምን በወጣኝ ብለው።

ዘንድሮ ነገሩ ከመሬት አልፎ ቤት ገባ። አንዲቷ ልጃቸው የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች። ከዓመታት በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል፤ እንዳትሸበር ብለው ስለ አፈሩ አንድም ቃል አልነገሯትም። እሷ ደግሞ ከመምጣቷ በፊት ደውላ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጅነቷን ሩዝ። እማማ ለሙጫ ፋብሪካው ከተዘጋጀው ጭነት አንድ ጆንያ አስቀርተው፣ ናሙናውን ለባለሙያዋ ሰጥተው፣ ውጤቱን መጠበቅ ጀመሩ።

እስከዚያው ከገበያ የገዙትን ሩዝ እያበሰሉ፣ የኛው ገና አልደረቀም ይሏታል። ልጅቷ ጓዳ ገብታ የጆንያውን ስፌት በጣቷ ስትነካካ ሲያዩ በሌላ ሥራ አሳበው ይጠሯታል። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ ሳይሉ «ተንቀሳቀሰ?» ይሏታል፤ እሷም እየሳቀች «ተንቀሳቀሰ» ትላቸዋለች።

ውጤቱን ባለሙያዋ ራሷ ይዛ መጣች። ገና ከበር ሲያዩዋት ገባቸው፤ ደግ ወሬ ቢሆን በስልክ ይነገር ነበር። የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባለው? በጎረቤቶቻቸው ሩዝ ውስጥ ያለው ካድሚየም ወርዷል። የእሳቸው ከአራት ዓመት በፊት ከተለካበት ንቅንቅ አላለም።

«እማማ፣ ገለባውን የት ነው የሚያደርጉት?» አለች ባለሙያዋ።

አልጣልኩትማ ብለው በኩራት ወደ በረቱ ወሰዷት። ላሟ ገለባውን እያመነዠከች ነበር። እበቱስ ስትላቸው ጉድጓዱን አሳዩዋት። ከጉድጓዱስ ስትላቸው ወደ ማሳው ጠቆሙ። በየዓመቱ እየዛቁ የሚበትኑት ማሳው ላይ ነው። በፊት በር ያወጡትን መርዝ በጓሮ በር ሲያስገቡት ኖረዋል።

ባለሙያዋ ጥፋቱ የእኛም ነው፣ ይውጣ እንጂ የት ይሂድ ሳንልዎት ቀረን ብላ ልታጽናናቸው ሞከረች። እማማ ግን የሚሰሙ አይመስሉም ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የልጃቸው ሁለቱ ፅንሶች የጨነገፉት በዚህ ሩዝ የተነሳ እንደሆነ ጠየቋት።

«ይህን ማወቅ አይቻልም፣ እማማ» አለቻቸው።

በማግስቱ መኪናው መጣ። ገለባው ተጫነ፣ የእበቱ ጉድጓድ ተዛቀ። በመጨረሻ እማማ ጆንያውን እየጎተቱ ከጓዳ ወጡ። ባለቤታቸው ቢያንስ ለዶሮዎቹ ይሁን ብለው አንዱን ጫፍ ያዙ። ዶሮዎቹን ማን ሊበላቸው ነው ብለው እማማ ወደ ራሳቸው ሳቡ። ወዲህና ወዲያ ሲጓተቱ ልጅቷ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አትጣሉ» አለች።

እማማ ጠቡን ልትገላግል መስሏቸው ነበር። ልጅቷ ግን ቃሉን አላልታ ነው የተናገረችው፣ ልክ እንደ እናቷ።

«የኔን ሩዝ ለምን ትጥሉታላችሁ? እኔ እበላዋለሁ።»

እማማ ጆንያውን ለቀቁት። ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት የኖሩት ቃል ዞሮ በልጃቸው አፍ ሲመጣ ፈሩት። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ሁሉንም ነገሯት፤ ፋብሪካውን፣ ገለባውን፣ ላሟን፣ ካገባች በኋላ በየዓመቱ ይልኩላት የነበረውን ጆንያ።

ሲጨርሱ ልጅቷ ጠየቀች።

«ያኔም የምበላው ይሄን ነበር?»

«ይሄን ነበር።»

«በሱ ነው?»

«አላውቅም ልጄ። ማወቅ አይቻልም አሉኝ።»

ልጅቷ ጆንያውን ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ «ይጣል» አለች። አባቷ ብቻቸውን ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑት፤ መኪናውም ሄደ።

በነጋታው ጠዋት እማማ ቁርስ አቀረቡና ፊቷን ሳያዩ ተቀመጡ። እንደ ወትሮው «ተንቀሳቀሰ?» ማለት መብታቸው አልመሰላቸውም። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ከጎረሰች በኋላ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ተንቀሳቅሷል፣ እማዬ» አለቻቸው።