ቀይ እስክሪብቶ የያዘው ሰውዬ

ማተሚያ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠውን ሰውዬ ልብስ ሰፊዋ ገና ስታየው ጠላችው። የኮቱ ክርን ነትቧል፤ ቀይ እስክሪብቶ ግን ከጆሮው ላይ አይጠፋም። የሰው የጥሪ ወረቀት ሳይጠየቅ ነጥቆ ያርማል። የእሷንም የሥልጠና ጥሪ ነጠቃት። ለልብስ ሰፊዎች ያዘጋጀችው ሥልጠና እስከ ዓርብ አሥራ አምስት ሰው ካልተመዘገበበት አዳራሹን ትነጠቃለች።

«‹በታላቅ ደስታ እንገልጻለን›! ያንቺ ደስታ ለእኔ ምኔ ነው?» ብሎ ሰረዘው። የክብር እንግዶቹንም ሰረዘ። «ሥልጠናሽን ጨርሶ የሚወጣ ሰው ምን ይችላል?»

«ጨርቅ ሳያበላሽ ኮት ቆርጦ ይሰፋል።»

«ታዲያ እሱን ምን አስደበቀሽ?»

ደሟ ፈላ። «ለመሆኑ ጋሼ፣ እርስዎ ጠርተው ስንት ሰው መጣልዎት?»

ሰውዬው እስክሪብቶውን ከደነ። «አርባ ወንበር ደርድሬ አንድ ሰው መጣ። እሱም ወንበሮቹን ሊያነሳ የመጣ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። የእኔም ወረቀት እንዳንቺው በክብር እንግዳ የተሞላ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቷን ከእጁ መነጨቀችው።

«ቅዳሜ ሦስት ሰዓት አዳራሹ ይምጡ» አለችው እንደተቆጣች፤ «የዚያን ኮት ክርን መጣፍ ተምረው ይወጣሉ።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን መልሶ ከፈተ፤ የሚሰርዘው ቃል ግን አጣ።